ባለቤት የሌለው ግሥ

ባልደረቦቿ «እኛ» ብለው ይጠሯታል። የቤት ዕቃ በሚሸጥ ኩባንያ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ለደንበኞች መልስ የምትጽፈው እርሷ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተቀምጣ «እኛ» ስትል ኖራለች። አጠገቧ የሚሠራው ፎቶ አንሺ፣ «እኛ፣ ምሳ በላሽ ልበል ወይስ በላችሁ?» ይላታል።

«እኛ ጠግበናል፤ ሆዴ ግን ገና ነው።»

የኩባንያውን የአጻጻፍ መመሪያ፣ አሥራ አራቱንም ገጽ፣ አንብቤዋለሁ። ምስጋና ሲሆን «እኛ» ይባላል፦ ደስ ብሎናል፣ እናመሰግናለን። ጥፋት ሲሆን ግን ግሡ ባለቤት ያጣል፦ ችግር ተከስቷል፣ በመጣራት ላይ ይገኛል። ይህን ያረቀቀው ሰው ሰዋስው አያውቅም ሊባል አይችልም። አሳምሮ ያውቃል።

አንድ ማለዳ አንዲት እናት ከገጹ ሥር ጻፈች፦ «የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያችሁ፣ የፈላ ውሃ እንደያዘ እጀታው ተላቆ የልጄን ክንድ አቃጥሎታል። የገዛችሁ ሁሉ ተጠንቀቁ።»

«ሸሽጊው» አላት አለቃዋ።

መሸሸግ መሰረዝ አይደለም። የተሸሸገውን መልእክት ጸሐፊዋ በገዛ ስልኳ ታየዋለች፤ ሌላ ሰው ግን አያየውም። ሰው ያስጠነቀቀች መስሏት ባዶ ቤት ውስጥ ትናገራለች። «እኛ» ስለዚያው እጀታ የተጻፉ አርባ አንድ መልእክቶችን በሦስት ሳምንት ውስጥ በገዛ ጣቷ ሸሽጋለች። ብራራላትም ይህን አልደብቅላትም።

«ይሄ አርባ ሁለተኛው ነው» አለችው።

«ቁጥር ማን ጠየቀሽ፣ እህቴ? የሁለት ልጆች እናት ነሽ፤ ጉሮሯቸውን አትዝጊ።»

«እሺ» አለች።

አለቃዋ ወደ ክፍሉ እስኪገባ ጠበቀች። ከዚያ አርባ አንዱንም መልእክቶች አንድ በአንድ ገለጠቻቸው፤ ለእናቲቱም በኩባንያው ስም እንዲህ ስትል መለሰች፦ «እጀታው እንደሚላቀቅ እናውቅ ነበር። እያወቅን ዝም ብለናል። ማፍያውን አትጠቀሙበት። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

አለቃዋ ስልኩን እንደያዘ ተመልሶ መጣ።

«‹እናውቅ ነበር› ያልሽው እነማንን ነው?»

«እርስዎንና እኔን።»

መልሷ ገጹ ላይ የቆየው ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ አርባ ሁለቱም መልእክቶች፣ የእርሷም መልስ፣ ጠፉ፤ እርሷም ከምሳ በፊት ተባረረች። ፎቶ አንሺው ዕቃዋን የያዘውን ካርቶን ተሸክሞላት እስከ በሩ ድረስ ሸኛት።

በነዚያ ሃያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ማፍያውን ከሶኬት መንቀላቸውን ጽፈው ነበር። ኩባንያው ዕቃውን ዛሬም ይሸጣል፤ በዘጠኝ ቤት ግን ውሃ የሚፈላው በሌላ ነው።