የተበላሹት የሩሲያ ካርዶች

ተቃውሞው በበረታባቸው በእነዚያ ወራት ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ስልኩን ያጥብ ነበር። «ማጠብ» የሚለው የእኛ ቃል ነበር፤ ፎቶውን፣ መልእክቱን፣ ዘፈኑን ሁሉ አጥፍቶ ስልኩን እንደ ሕፃን ንጹሕ ማድረግ ማለት ነው። ጊንጪ መግቢያ ላይ ፍተሻ ነበር። ከዚያ የተመለሱም፣ ያልተመለሱም ነበሩ።

«አጥበሃል?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ጨርሶ ታጥቧል» አልኳት። ውሸት ነበር። ካርዶቹን ትቻቸው ነበር።

ሩሲያኛ የምማረው ሁሉም ሰው እንግሊዝኛ ስለሚማር ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። መጽሐፉን ያገኘሁት በደርግ ጊዜ ሞስኮ ተምሮ ከመጣው አጎቴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በላፕቶፔ ላይ ካርድ ሠራሁ፤ በአንድ በኩል የሩሲያው ዐረፍተ ነገር፣ በሌላው የአማርኛ ትርጉሙ። ላፕቶፑ መሞት ሲጀምር ካርዶቹን አንድ የጽሑፍ ፋይል አድርጌ አወጣሁና ሙዚቃ የምትጭን ሴት ሱቅ ወስጄ በሚሞሪ ወደ ስልኬ አስገለበጥኩ። ላፕቶፑን ደግሞ ለጥገና ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ ተነሣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ፋይሉን ስከፍት አንድም የሚነበብ ቃል አልነበረም። የሩሲያውም የአማርኛውም ቦታ ላይ ጭረት የተጫነባቸው የላቲን ፊደሎች፣ የገንዘብ ምልክቶችና ነጠላ ሰረዞች ተርመስምሰዋል። አልደነገጥኩም። ፋይሉ ደኅና ነው፤ በአንድ አሠራር የተቀመጠውን ስልኩ በሌላ አሠራር እያነበበው ነው። መክፈቻው አፕ ላይ «ዩቲኤፍ ስምንት» የሚለውን የፊደል አሠራር መምረጥ ብቻ ይበቃል። ይህን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ፣ ሳልጠየቅም ጭምር። ጣቴን ላሳርፍ ስል ሚኒባሱ ቆመ።

«ውረዱ። ስልክ በእጅ።»

ተሰለፍን። ከኋላዬ ከጎጆ ከተማ ድንች ይዛ የመጣች ሴት ነበረች። ወታደሩ ስልኬን ተቀብሎ ማያ ገጹን አየ፤ ፋይሉ እንደተከፈተ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቋንቋ መማሪያ ነው።»

«የምን ቋንቋ?»

«የሩሲያ።»

«ሩሲያ እንዲህ ነው የሚጽፈው?»

«አይደለም። ሲገለበጥ ተበላሽቶ ነው።»

«ምስጢር መላላኪያ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው አስተካክለውና አሳየኝ» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

ጣቴ ወደ ምርጫው ሄደ። ያኔ ነው የመጀመሪያው ካርድ ትዝ ያለኝ። የአጎቴ መጽሐፍ ስለ አየር ጠባይ አያስተምርም። «ሠራተኞቹ አደባባይ ወጡ።» ቀጥሎ «ወታደሮቹ ተኮሱ።» ሦስተኛው «ጓዴ፣ ደብዳቤውን ደብቅ።» ሁሉንም ጥርት ባለ አማርኛ ተርጉሜያቸዋለሁ፤ በትርጉሜም እኮራ ነበር። ጣቴን ሰበሰብኩ።

«አላውቅበትም» አልኩ።

የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ቃል ከአፌ ሰምተው አያውቁም።

«የራስህን ስልክ አታውቅበትም?»

«ሱቅ ነው የጫኑልኝ።»

 ከወታደሩ ጎን ያለው ጓደኛው ከሰልፉ ወጥተው ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን ይጠብቅ ነበር። እዚያ ለሦስተኛ የሚሆን ቦታ እንዳለ አየሁ።

«አቦ ልጄ» አለች የድንቿ ሴት፣ «ሰውየው አስተማሪ ነው፤ ጫማውን አታየውም? ድንቼ ፀሐይ ላይ ነው።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አላት ወታደሩ። ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ በሩሲያ ተናገር።»

ከሦስት ዓመት ትምህርቴ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ መጣልኝ፤ እሱም ስለሚተኩሱት ወታደሮች ነበር። ምላሴ ላይ ሲደርስ ዋጥኩትና መቁጠር ጀመርኩ። «አዲን፣ ድቫ፣ ትሪ...» ስድስት ላይ ጠፋብኝ።

«ቀጥል።»

«እስከዚህ ነው የደረስኩት።»

«በስንት ዓመት?»

«በሦስት።»

መጀመሪያ ጓደኛው ሳቀ፣ ከዚያ እሱ። «ሂድ አባቴ፣ ሰባት ላይ ስትደርስ ትነግረኛለህ» አለኝ።

ወደ ሚኒባሱ ተመለስን።

«የት ነው የምታስተምረው?» አለችኝ ሴትየዋ።

«አስተማሪ አይደለሁም።»

«እኔም መስሎኝ አይደለም» አለችና ወደ ድንቿ ዞረች።

አምቦ ተመልሼ፣ በቀትር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያቺን ምርጫ ነካሁ። ፊደሎቹ አንድ ሳይጎድሉ ተመለሱ። ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች አነበበች። ሄዳ መስኮቱን ዘጋች።

ካርዶቹን አላጠፋኋቸውም። ዛሬም ስልኬ ላይ አሉ። ግን መንገድ ሲኖረኝ ከመውጣቴ በፊት ያንን ምርጫ ወደ ተሳሳተው እመልሰዋለሁ፤ ፊደሎቹ መፍረሳቸውንም ሁለት ጊዜ አያለሁ።