አምስተኛዋ ጥይት

እኔ የሞላሁት ጥይት አይስትም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ ጉራ ነው፣ ግን እውነትም ነው። ሥራዬ ዊተን ውስጥ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት መድኃኒት መቀመም ነው። ቀኑን ሙሉ ለዓይን የማይሞላ ዱቄት ስመዝን እውላለሁ። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ቤዝመንት ወርጄ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ጠረጴዛዬ ላይ ባሩድ እመዝናለሁ። በዚያ ሰዓት ድራየር አይበራም፣ በር አይከፈትም፣ ማንም ደረጃውን አይወርድም። ሚዛኔ የሰው ትንፋሽ ሳይቀር ነው የሚቆጥረው። ባለቤቴ በዚህ ሕግ ምክንያት ሰኞ ጠዋት እርጥብ ካልሲ አድርጎ ሥራ ሄዶ ያውቃል፤ እስካሁን ያነሣብኛል።

የተተኮሰ ቀለህ አልጥልም። አጥበዋለሁ፣ ቅርጹን አስተካክላለሁ፣ ከሥሩ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን አዲስ ፕራይመር እተክልበታለሁ፣ ባሩዱን መዝኜ እጨምራለሁ፣ ከላይ አረሩን እገጥማለሁ። ጥይቷ ከትንሿ ጣቴ አትበልጥም፤ እዚህ ያሉት ተኳሾች “ትሪፕል ዱስ”፣ ሦስት ሁለት፣ ይሏታል። በመቶ ያርድ ላይ አምስት ስተኩስ አራቱ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። አምስተኛዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ትላለች። ነፋስ ነው።

ይህን ሁሉ ያስጀመሩኝ አባቴ ናቸው። አገር ቤት በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የተኩስ አስተማሪ ነበሩ። አሁን ሰማንያን ተሻግረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር፣ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ጋ ይግቡ ብላቸው “የሰው ቤት አልኖርም” አሉኝ። የልጅ ቤት የሰው ቤት ሆኖ አረፈው! ሳምንቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግን ኮፍያቸውን ደፍተው ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው ነው የማገኛቸው። አምስት ደቂቃ ከዘገየሁ “ጦርነት ቢሆን ይሄኔ አልቀናል” ይሉኛል።

ከዚያ ሰዓት ያህል ነድተን፣ ቨርጂኒያ ገጠር ካለው የተኩስ ሜዳ እንደርሳለን። ጠመንጃችን አንድ አንድ እየተጎረሰ ነው የሚተኩሰው፤ እኔ ከካርቶኑ እያወጣሁ አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይተኩሳሉ። ከዓይን ኦፕራሲዮናቸው ወዲህ ሩቁን እንደ ጎረምሳ ያያሉ፤ ቅርቡን ግን ያለ መነጽር አያዩም። የሳቸው አምስት ጥይት የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል በአንዲት የዳይም ሳንቲም ይሸፈን ነበር።

ነበር አልኩ። ባለፈው ዓመት በረዶው እንዳለቀ አንድ ቅዳሜ፣ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰውዬ ራሱን የሚያህል ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሲተኩስ የኛ ጠረጴዛ ሳይቀር ዘለለ። አባቴ ልክ በዚያች ቅጽበት ምላጭ እየሳቡ ነበርና ብድግ አሉ። ተሳሳቅን፣ ያለፈ መሰለኝ። አላለፈም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዳዳዎቻቸው ተበታተኑ፤ ዳይም ቀርቶ መዳፌ አይሸፍናቸውም።

“ጥይቱ ነው” አሉ።

ጥይቱ! የኔ ጥይት! እኔ እኮ ከጎናቸው ተቀምጬ አያለሁ። ምላጩን ከመሳባቸው በፊት ዓይናቸው ጭፍን፣ ትከሻቸው ኩምትር ይላል። ድንጋጤ ነው። ግን ያን ሁሉ ወታደር ተኩስ ላስተማሩ ሰው፣ ለገዛ አባቴ፣ “እየደነገጡ ነው” ብዬ በየት አፌ ልናገር?

“እሺ አባባ፣ አስተካክለዋለሁ” አልኩ።

ያበድኩት እዚህ ላይ ነው። ልክ የሆነውን ጥይት ማስተካከል ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ባሩዱን ቀነስኩ፣ አንድ ሳምንት ቀለሁን ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ፣ በሦስተኛው ሌላ አረር አመጣሁ። እሳቸው በየቅዳሜው አንዲት ይተኩሱና ጥይቱን ገልመጥ አድርገው “ይሄም አይረባም” ይላሉ። ደሜ ይፈላል። “እሺ አባባ” እላለሁ። በመሃል አንድ እሑድ ብቻዬን ሄጄ፣ አይረባም ካሉት ከዚያው ካርቶን አምስት ተኮስኩ። አራቱ አንድ ቀዳዳ ገቡ፤ አምስተኛዋን ነፋስ ወሰዳት። የዒላማውን ወረቀት እንዳያዩብኝ መኪናው ወንበር ሥር ደበቅኩት።

በአራተኛው ቅዳሜ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ “ልጄ፣ አትድከሚ” አሉኝ። “በሚመጣው ቅዳሜ ካልሆነ ጠመንጃውን ሽጪው። እኔም ቤቴ እቀመጣለሁ።”

“ቤቴ እቀመጣለሁ” ማለታቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ያረፈች ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያች ወንበር አልተነሡም ነበር። ሐኪም አላስነሣቸውም፣ ቄስ አላስነሣቸውም፤ ያስነሣቸው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከቀረ አባቴ እዚያው ወንበር ላይ ያልቃሉ። ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

እሑድ ቤዝመንት ተቀምጬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን ራት ላይ ያጫውቱን ነበር። ተኩስ የሚያስደነግጠውን ምልምል “ትደነግጣለህ” አይሉትም፤ ከጥይቶቹ መሃል አንዲት ባዶ ይደባልቁበታል። ምላጭ ሲስብ አትፈነዳም፣ እሱ ግን እንደፈነዳች ሁሉ ዘልሎ ይገኛል። “ራሱን በራሱ ያየዋል፣ እኔ ምን አፌን አበላሻለሁ?” ይሉ ነበር።

የአባቴን ዘዴ በአባቴ ላይ! ያም ሆኖ ሠራኋት። ፕራይመሯ ቀድሞ የተተኮሰ፣ ሥሯ ላይ የጠመንጃው መርፌ ምት ያለባት፣ ባሩድ የሌላት ጥይት። አረሩን ገጥሜ ካርቶኑ ውስጥ ሦስተኛው ቦታ ላይ አኖርኳት።

ቅዳሜ ሁለት ተኮሱ። ሦስተኛዋ አድርጌ ባዶዋን አቀበልኳቸው። አጎረሱ፣ አነጣጠሩ፣ ሳቡ።

ቀጭ።

ድምፅ የለም፣ ጭስ የለም። አፈሙዙ ግን ብቻውን ወደ መሬት ድፍት አለ። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት።

ሕጉ፣ ጥይት አልፈነዳ ሲል ጠመንጃውን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ሠላሳ ሰከንድ መጠበቅ ነው፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። አባቴ በዚያ በአስተማሪ ድምፃቸው ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውስጧ ምንም እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ ሰባት ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ሃያ ላይ ዝም አሉ። የቀረውን ሁለታችንም በሆዳችን ቆጠርነው።

ጠመንጃውን ከፍተው ጥይቷን አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሥሯን ገልብጠው ያንን አሮጌ ምት አዩና ወደ ሸሚዛቸው ኪስ ከተቷት።

“ወደ ቤት ውሰጂኝ” አሉ።

ወትሮ “ግቢና ሻይ ጠጪ” ሳይሉኝ አይወርዱም ነበር፤ ያን ቀን የመኪናውን በር ዘግተው ሄዱ። በሳምንቱ ኮል ሳደርግ “አሞኛል” አሉኝ። በሚቀጥለው “እንግዳ አለብኝ” አሉኝ። በሦስተኛው ስልኩን አላነሡም። እኔ ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ክሪስታል ሲቲ ጋ ቀይ መብራት ይዞኝ፣ ግራና ቀኝ ሰው እያየኝ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሰው እንደ ምልምል ያደረግኳቸው፣ ቅዳሜያቸውን በገዛ እጄ የገደልኩት እኔ ነኝ።

በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ስልኬ ጮኸ።

“ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትመጪው?”

“አንድ ሰዓት፣ አባባ።”

“እንዳትዘገዪ።”

ሌሊቱ እንዴት እንደነጋልኝ አላውቅም፤ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ላንድማርክ ነበርኩ። ኮፍያቸውን ደፍተው ቆመዋል። ሜዳው ላይ ስንደርስ ካርቶኑን አቀረብኩ፤ ጥይቱ የድሮው፣ የመጀመሪያው፣ ምንም ያልተነካካው ነበር። አምስት ተኮሱ። ዓይናቸው አልተጨፈነም፣ ትከሻቸው አልተነቃነቀም። በጠመንጃው መነጽር ባየው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። እልል ልል ምን ቀረኝ!

“እንዴት?” አልኳቸው።

“ሦስት ሳምንት በመጥረጊያ እንጨት ተለማመድኩ። ምልምሎቼንስ በዱላ አልነበር እንዴ የማስጀምራቸው?” አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። ከዚያ ተነሥተው ወንበሩን ለቀቁልኝ። “በይ፣ አንቺ ደግሞ። እኔ አቀብልሻለሁ።”

ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ከመነጽሩ ሳላነሣ እጄን እዘረጋለሁ፣ አባቴ መዳፌ ላይ ያኖሩልኛል። አራቱን ተኮስኩ፤ አራቱም ተደራርበው አንድ ቀዳዳ ገቡ። አምስተኛዋን አጎረስኩ፣ ሳብኩ።

ቀጭ።

አፈሙዜ ዘልሎ ወደ ቀኝ ሄደ።

ሠላሳ መቁጠር ነበረብኝ፤ ቆጠርኩ። ፊቴ እንደ እሳት እየነደደ፣ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ከዒላማው አጠገብ፣ ነፋስ እንዲያሳየን ከእንጨት ላይ ያሰርነው ጨርቅ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ቅንጣት አይነቃነቅም። አባቴም ያንኑ ጨርቅ ነው የሚያዩት።

ሠላሳ ስል፣ “ነፋስ ነው?” አሉኝ።

ጠመንጃውን ከፈትኩና ያቺን የራሴን ጥይት አወጣሁ። ከሸሚዛቸው ኪስ ወጥታ ገና እንደሞቀች ናት።

“አይደለም፣ አባባ። እኔ ነኝ” አልኩ። “ካዩት ስንት ጊዜ ሆነዎት?”

“ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“እንዴ!” አሉ፣ ዓይናቸው በሳቅ ጠብቦ። “አንቺን ማን ደፍሮ ይናገራል?”

ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። አባቴ ከካርቶኑ እውነተኛዋን አምስተኛ አወጡ። በአውራ ጣታቸው ጠርገው መዳፌ ላይ አኖሯት፤ እጃቸውንም ወዲያው አላነሡም።

“የመጨረሻዋ ናት ብለሽ አትቸኩይ” አሉኝ።