ከፎቶው የወጣችው እናት

«እናትህ ጋ ቁም» ስለው፣ ልጁ ሄዶ የአያቱ ቀሚስ ላይ ተለጠፈ።

ዛሬ ሐይቅ ከተማ፣ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ለምናዘጋጀው የእናትነት የፎቶ ዐውደ ርዕይ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። የልጁ እናት ዘይነባ ጡት ሳታስጥለው ጅዳ ሄዳ፣ የተመለሰችው ገና በቅርቡ ነው።

አያቱ «እናትህ እኮ እሷ ናት» እያሉ ገፋ ሲያደርጉት አለቀሰ።

ዘይነባ «ተይው እማ፤ ወላሂ እኔም ብሆን አንቺን ነው የምይዘው» ብላ ከካሜራው ፊት ዘወር አለች። «እነሱን አንሺያቸው» አለችኝ።

ሁልጊዜ «ፈገግ በሉ» የምለው እኔ፣ ዛሬ እሱን ሳልል አያትና ልጁን አነሳኋቸው።

ፎቶውን ሳሳያት ብዙ አየችው። «ይኸው ይሰቀል። ከሥሩ ግን የእኔንም ስም ጻፊልኝ» አለች።

ጻፍኩላት። ልቤ ግን እስካሁን አልተረጋጋም።

ከዐረብ አገር ስትመለሱ ልጃችሁ ያላወቃችሁ እህቶች፣ ኋላ ልጁ በምን ለመዳችሁ? እባካችሁ ጻፉ፤ እሷም ታነበዋለች።