ልጅ የማይነካው ድብ

ዲላ ፖስታ ቤት ከፊቴ የተሰለፈው ሰው ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ከረባት አስሯል፤ ባርኔጣ ደፍቷል፤ የገደብ መንገድ ጭቃ ግን ከጫማው አልተራገፈም። እንዲህ ያለ ጎልማሳ ከባሕር ማዶ በኢንተርኔት ገዝቶ ያስመጣው በእጅ የተሰፋ የድብ አሻንጉሊት ነበር። በእርሱ ፋንታ እኔ አፈርሁለት።

ሠራተኛዋ የትምወርቅ ጥቅሉን ከፍታ፣ የተደበቀ ነገር እንዳለ ለመፈተሽ የድቡን ሆድ ጫን ጫን ስታደርግ ሰውየው ላብ አጠመቀው።

«ውስጡን ቀድጄ ልየው እንዴ፣ ጋሼ?»

«እባክሽ እህቴ! ስፌቱ የሠሪዋ እጅ ነው፤ አንዴ ከተፈታ አይመለስም።»

«ለልጅዎ እኔው እሰፋልዎታለሁ።»

«ይህ ብርቅ አሻንጉሊት ለሚሰበስብ ሰው የተሠራ ዕቃ ነው» ሲል እንደ መምህር አረማት። «ልጅ አይነካውም።»

ዳብሳ ዳብሳ ምንም ብታጣ መለሰችለት። እርሱም ነጭ መሐረብ አውጥቶ፣ ጫማውን ሳይሆን የድቡን አፍንጫ ጠረገ፤ ቀጥሎም አየር እንዳያጣ ይመስል የድቡን ጭንቅላት ብቻ አስወጥቶ ኮቱ ውስጥ አቀፈው።

የትምወርቅ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንግዲህ ያሳድግልዎት» አለችው። ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሰውየው በዚህ ጊዜ አላረማትም። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «አሜን» አለ።