አስፐን ሂል የቀረው ደብልዩ ቱ

ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ፕሮሰስ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ጉዳዩን የያዘችልኝ ጠበቃ ታክሴን ቶሎ ሠርቼ ኮፒውን እንድልክላት አዘዘችኝ። ስካይላይን ከሚገኙት ፎቆች በአንዱ ቢሮ ያለው ታክስ ሠሪ ወረቀቶቼን አገላበጠና መነጽሩን አወለቀ።

«የሆም ኬሩ ደብልዩ ቱ የታለ?» የዓመቱ ደመወዝና የተቆረጠው ታክስ የሚጻፍበትን ወረቀት ማለቱ ነው።

«አልደረሰኝም። ያለሱ አይሠራም?»

«በመጨረሻው ቼክሽ ላይ ካለው መሙላት ይቻላል። ግን መጀመሪያ መሥሪያ ቤትሽን ጠይቂ። ቁጥሩ ካልገጠመ ደብዳቤ ይመጣብሻል።»

ከተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው «ደብዳቤ ይመጣብሻል» ያለው ነው። በዚያ ሰሞን ከመንግሥት የሚመጣ ፖስታ ሁሉ ያስፈራኝ ነበር። ባለቤቴ ኤምባሲ መስኮት ፊት ቆሞ፣ በኔ ወረቀት ምክንያት ሲመልሱት ታየኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው፣ አረጋውያንን ቤታቸው ወደምንረዳበት መሥሪያ ቤት ኮል አደረግሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ከላኩት እንደቆየ ነገረችኝ። ያነበበችልኝ ግን ቨርጂኒያ፣ ላንድማርክ ከመግባቴ በፊት የኖርኩበትን፣ ሜሪላንድ ያለውን የአስፐን ሂል አድራሻ ነው። መቀየሬን ነግሬያቸው ነበር። ሌላ ለመላክ ሳምንታት ይፈጃል አለችኝ።

ስሜም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬም ያለበት ወረቀት የማላውቀው ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ፣ በሰው ሶሻል ታክስ ሞልተው ተመላሽ ገንዘቡን ስለሚበሉ ሌቦች ያወራችኝ ትዝ አለኝ። በማግስቱ ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ሜሪላንድ ነዳሁ።

የታክስ ወረቀቶቼን እንደያዝኩ የድሮ በሬን አንኳኳሁ። በሩ ላይ ያለችው ቀዳዳ ጨለም አለች፤ ሰው እያየኝ ነው። በእንግሊዝኛ «ሄሎ» አልኩ። የበሩ ሰንሰለት ሲቆለፍ ሰማሁ፣ ቀጥሎ በስልክ ሹክሹክታ፦

«መጡ። ሴት ናት፣ ወረቀት ይዛለች። ምን ላድርግ?»

በአማርኛ ነው፤ ያረጀ የሴት ድምፅ። የሚፈሩት እኔን መሆኑ ሲገባኝ የባሰ ፈራሁ። ፖሊስ ቢጠሩብኝስ?

«እናቴ፣ አይፍሩ። ሐበሻ ነኝ» አልኩ።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ከእርስዎ በፊት እዚህ ቤት የነበርኩ ነኝ። ደብዳቤ መጥቶልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«የፍርድ ቤት ነው? የኪራዩ?»

«አይደለም፣ የታክስ ነው።»

«ልጄ ለማንም አትክፈቺ ብሎኛል።»

«አይክፈቱ እናቴ። በበሩ ሥር ያውጡልኝ።»

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ወደ በሩ አስጠጉት። ልጃቸው በእንግሊዝኛ ስሜን ከነፊደሉ ጠየቀኝ። ፊደሎቹን ስጠራለት፣ እሳቸው ኪችን ውስጥ መሳቢያ ሲጎትቱ ይሰማኛል። ፖስታዎቹ በበሩ ሥር አንድ በአንድ ወጡ። የፒዛ ማስታወቂያ፣ የባንክ፣ ከዚያ የኔው። ጫፉ ተቀዷል።

«ተከፍቷል!» አልኩ ሳላስበው።

«ልጁ የእኛ መስሎት ነው የቀደደው። ወላሂ አልነካነውም! አብሽሪ ልጄ።»

ላምናቸው ፈለግሁ፤ ግን አልቻልኩም። ቢሆንም አመሰገንኳቸው። ደረጃው ጋ ስደርስ ከበሩ ኋላ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የታችኛው በር እሺ ብሎ አይዘጋም። ስትወጪ ደህና አርገሽ ሳቢልኝ።»

ሳብኩት። መዘጋቱን በትከሻዬ ገፍቼ እስካረጋግጥ ድረስም ከዚያ አልሄድኩም።

ታክስ ሠሪው በዚያው ሳምንት ታክሴን ሞልቶ ለመንግሥት ላከልኝ። ሰው ቀድሞ በስሜ ሞልቶ ቢሆን ይመለስ ነበር፤ ተቀባይነት አገኘ የሚለው ቴክስት እስኪገባልኝ ድረስ ስልኬ በጠራ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ባለቤቴ ቪዛው ተሰጥቶት የመጣው በልግ ላይ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ነው። ያን አፓርታማ ላሳየው አስፐን ሂል ወስጄው ነበር። መኪናውን አቆምኩ እንጂ ሰው እንዳላስደነግጥ ብዬ አልወረድኩም።