ከእኩሌታ ሳጥን የወጣው መርፌ

ቨርና ፕሩት ሳጥን ስትፈትሽ ፊቷ ከመቆም ጉምሩክ ፊት መቆም ይቀላል ይሏት ነበር፣ የከተማችን የሴንት ሜሪስ ወጣት የመርከበኛ ሚስቶች። ባሎቻቸው የሚያገለግሉበት ሰርጓጅ መርከብ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁሉም የጫማ ካርቶናቸውን ታቅፈው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። እሷም መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ትከፍታለች።

"ሮክሳን፣ ሳሙናውን ከብስኩቱ ጋር ያሰርሽው ባልሽን ልታጥቢው ነው ልታበይው?"

"ቦታ ጠቦኝ ነው እትዬ ቨርና።"

"ከጠበበሽ ሳሙናውን ተይው። እዚያ ውስጥ ሁሉም ይሸታል፤ ማንም ማንንም አይታዘብም።"

አዳራሹ ይስቃል፤ እሷ አትስቅም። ቋንጣውን ከጃሙ ትለያለች፣ የቡና ቆርቆሮውን ክዳን ትሞክራለች፣ ካልሲውን ጠቅልላ ጥግ ጥጉን ትሞላለች። መርከቡ አንዴ ከጠለቀ ከሁለት ወር በላይ አይወጣም። ፖስታ የለ፣ ስልክ የለ፣ ፀሐይ እንኳ የለ። ስለዚህ የእኛ ከተማ ሰው ለባሉም ለልጁም የሚልከውን አስቀድሞ ያሽጋል፤ ሳጥኖቹ ከሰዎቹ ጋር አብረው ይወርዱና የጉዞው እኩሌታ በደረሰበት ቀን ለእያንዳንዱ የራሱ ይታደለዋል። የእኩሌታ ሳጥን የሚባለውም ለዚህ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ቤተሰብ አልፎ አልፎ አርባ ቃል የማትሞላ ቴሌግራም መላክ ይችል ነበር። ከታች ወደ ላይ ግን ምንም አይመጣም።

ቨርና ከሳሙና ይልቅ የምትፈራው ወረቀቱን ነው። የዚያን ዕለት ሮክሳን ለባሏ የጻፈችውን ደብዳቤ አነበበችና መልሳ ሰጠቻት።

"የልጁን ጥርስ ነገር አውጪው።"

"ጥርስ እኮ ነው እትዬ ቨርና! ትንሽ አመመው ነው ያልኩት።"

"ላንቺ ጥርስ ነው። እሱ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተጋድሞ ሲያብሰለስለው መንጋጋ ይሆናል፣ ከዚያ ራስ ይሆናል፣ ሳምንት ሳይሞላው ልጁን ቀብሮ ይመጣል። ሆድ ይፍጀው። ሲወጣ ትነግሪዋለሽ።"

ዝም ብላ አይደለም እንዲህ የምትለው። አንድ ዓመት ሳይፈተሽ ባለፈ ሳጥን ውስጥ አንዱ ልጅ እጮኛው ሌላ ማግባቷን የሚናገር ደብዳቤ አግኝቶ ነበር። ከውሃ ሲወጣ ግማሽ ሰው ሆኖ ነው የወጣው፤ ዓይኑ ፈዞ፣ ሱሪው በገመድ ታስሮ። ባሕር ኃይሉም ሕጉ ያው ነው። እናት ትሙት አባት ይሙት፣ ወሬው ተይዞ ይቆያል፤ ለሰውየው የሚነገረው መርከቡ ወደብ ሊደርስ ሲል ነው። መርዶ ከውሃ በታች አይወርድም፣ ይባላል እኛ ዘንድ። ቨርና ይህንን አባባል ለሰው ስትናገር ኖራለች። በራሷ ይደርሳል ብላ ግን አላሰበችም።

ባሏ ሆይት ዕድሜውን በገዛ ጀልባው ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር እንስሳ በመረብ በማጥመድ የጨረሰ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ኮልቢ። ጀልባውን ይረከባል ሲባል ልጁ አንድ ጠዋት ሄዶ ባሕር ኃይል ተመዘገበ፤ ያውም ሰርጓጅ ላይ። ሆይት ይህን ሲሰማ፣ "ከውሃ በላይ የሚሄደው ጀልባ ይባላል፤ ከውሃ በታች ያለው የሰመጠ ነው" አለው። ቀጥሎም፣ "ከእንግዲህ መረቤን እንዳትነካ።" ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አላነጋገረውም።

ኮልቢ የሚኖረው እዚያው ከተማው ጠርዝ ያለው የባሕር ኃይል ጣቢያ ነው፤ ከቤታቸው በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። ቢሆንም ሳይደውል አይመጣም። ሲደውል ሆይት ባርኔጣውን አንስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። መሃል የቀረችው ቨርና ናት። ምን ታድርግ? እናት መሃል ገብታ የማትዋሽበት ቤት የት አለ?

"አባትህ ሰላም በይልኝ ብሏል" ትለዋለች።

"እሱ ነው ያለው፣ ወይስ አንቺ?"

"እሱ ነው እንጂ።"

"እሺ እማዬ" ይላታል ልጁ፣ እንደ መሳቅ ብሎ። በየቴሌግራሙ መጨረሻም ትጨምርለታለች፤ አባትህን ናፍቀኸዋል፣ አባትህ ስምህን አነሳ። ሆይት አንዱንም ብሎት አያውቅም።

በዚያ ዓመት በሰኔ መጀመሪያ ሆይት ደም ተፋ። ሐኪሙ ሳንባውን አየና መስከረምን እንደማያይ ነገራቸው። ኮልቢ ሊወርድ የቀረው ሳምንት ነው። ቨርና ስልኩን ስታነሳ ሆይት እጇን ያዛት።

"አትነግሪውም።"

"ልጅህ ነው ሆይት። ቢያውቅ እኮ ከጉዞው ያስቀሩታል።"

"እሱን ነው የማልፈልገው። ሦስት ዓመት ያኮረፍኩት ልጅ አሁን ታመመ ተብሎ አዝኖልኝ እንዲመጣ? አትነግሪውም ብያለሁ።"

እሷም ዋጠችው። መዋጥ ታውቅበታለች።

በማግስቱ የኮልቢን ሳጥን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ስታዘጋጅ ሆይት ግድግዳውን እየተደገፈ መጣ። በመዳፉ የመረብ መጠገኛ መርፌውን ይዟል፤ አያቱ ከእንጨት የጠረበው፣ በእጅ ብዛት የጠቆረ።

"ይሄን ጨምሪለት።"

ቨርና ቀጥ አለች። የሽሪምፕ አጥማጅ ልጅ ናት፣ ነገሩ አይጠፋትም። በእኛ ወደብ ሰው ገንዘቡን ያበድራል፣ ጀልባውን ያውሳል፤ የመረብ መርፌውን ግን ለወንድሙም አይሰጥም። የሚሰጠው አንዴ ነው፣ ለልጁ። ያኔም ሁለት ነገር መናገሩ ነው። መረቡ ያንተ ነው፣ እኔ ከእንግዲህ ወደ ባሕር አልወጣም። አባቷ ለወንድሟ መርፌውን የሰጠ ጊዜ ወር ሳይሞላው ነው የቀበሩት።

"ቃልም ጻፍለት" አለችው።

"ምን ቃል? ይሄ ይበቃዋል። ልጁ ያውቃል።"

"ሂድና በእጅህ ስጠው በቃ። እዚህ እኮ ነው ያለው።"

"ፊቴ ቆሞ እንዲያመሰግነኝ አልፈልግም" አለና ተመልሶ ተኛ።

ቨርና መርፌውን ካልሲው መሃል ሸጉጣ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሳጥኑን ታየው ጀመር። ኮልቢ ከባሕር በታች ሆኖ ሲከፍተው ታያት። እንደ አባቱ ያውቃል፤ መርፌውን ሲያይ አባቱ ሊሞት መሆኑን በአንድ አፍታ ይረዳል። ከዚያ የቀረውን ጊዜ ሁሉ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ መጠየቅ ሳይችል፣ መምጣት ሳይችል፣ በቁሙ ሲነድ ሊኖር ነው። ለስንቱ ሚስት አውጪው ስትል ኖራ ለራሷ ልጅ ልትልክለት? ክዳኑን ከፈተች። መርፌውን አውጥታ ሽርጧ ኪስ ከተተችና ባዶውን ቦታ በለውዝ ሞላችው። ሐኪም ስንቴ ተሳስቷል፣ አለች። ሆይት ይቆያል፤ ልጁ ሲመለስ እሱው በእጁ ይሰጠዋል።

ማታ ሆይት ከትራሱ ቀና ሳይል ጠየቃት።

"ጨመርሽው?"

"ጨመርኩት።"

አንድ ቃል ናት። የተናገረችውም ቀለል አድርጋ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ ግን የወደቀው ነገር ድምፅ አላሰማም።

ሆይት ያን ሁሉ ሕመም ጥርሱን ነክሶ የቆየው ለእኩሌታው ቀን ነው። ቀኑ ሲደርስ ጢሙን እንድትላጨው ጠየቃት። ንጹሕ ሸሚዝ አስለበሰችውና ወንዙ ወደሚታይበት በረንዳ ደግፋ አወጣችው።

"ዛሬ ነው አይደል?"

"ዛሬ ነው።"

"እስካሁን ከፍቶታል።" ወንዙን እያየ ፈገግ አለ፤ ፈገግታውን ካየችው ስንት ጊዜዋ። "መጀመሪያ ካልሲውን ይወረውረዋል። ካልሲ አይወድም። ከዚያ እጁ ይነካዋል።" ዓይኑን ከወንዙ ሳያነሳ ቀጠለ። "ክፉ ሆኜበታለሁ ቨርና። ልጁ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ናፍቆኝ ነው። አሁን ግን ገብቶታል። አይደል?"

ለመናገር አፏን ከፈተች። አልላክሁትም፣ እዚሁ ሽርጤ ውስጥ ነው። እንዲህ ብሎ መናገር ለዚያ ፊት እንዴት ይቻላል? "ገብቶታል" አለችው። ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና ድምፅዋ ሳይሰማ አለቀሰች። ሆይት ያን ቀን በቆሎ ዳቦና ሾርባ ጠይቆ በላ፤ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ በልቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጣቢያው ሄዳ ቴሌግራም ላከች። "አባትህ ይቅር ብሎሃል። መረቡ ያንተ ነው ብሏል። ከልቡ ነው፣ እመነኝ።" ይህን ስትልክ ትንሽ ቀለላት። የወሰደችውን በሌላ በር የመለሰች መሰላት።

ሆይት ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። እጇን እንደያዘ፣ በሰላም ሄደ። የጣቢያው ቄስ መጥቶ፣ "ለኮልቢ ወደብ ሊገቡ ሲሉ ካፒቴኑ ይነግረዋል፣ ይሁን?" አላት። እሷም ይሁን አለች። የአንድ ልጁ እጅ ሳያርፍበት ሬሳው ወጣ።

መርከቡ የተመለሰ ቀን ሚስቶቹ ጨርቅ ላይ ስም ጽፈው፣ ሕፃናት ባንዲራ ይዘው ወደቡን ሞሉት። ቨርና ጥቁሯን ለብሳ ከኋላ ቆመች። ኮልቢ ፀሐይ እንዳጣ ሰው ገርጥቶ ወረደ፤ ካፒቴኑ ቀደም ባለው ቀን ነግሮታል። አቀፋት፤ አላለቀሰም። የአባቱን መኪና እሱ ነዳ። የጀልባዎቹ መቆሚያ ጋ ሲደርሱ ጠርዝ ይዞ አቆመ።

"ስሄድ ታሞ ነበር?"

"ታሞ ነበር። አትንገሪው ብሎኝ ነው።"

"አትንገሪው አለ?" ራሱን ነቀነቀ። "መቼም አይጨክንም ብዬ ነበር። እማዬ፣ የእኩሌታው ቀን ሳጥኑን ገለበጥኩት። ካልሲውን ሳይቀር ገለበጥኩ። ከሱ የሆነ ነገር ፈልጌ። አንድ ሚስማር እንኳ ቢሆን። ለውዝ ነው ያገኘሁት።"

"ቴሌግራሙስ? ደርሶህ የለም?"

"ደርሶኛል። አነበብኩትና፣ እማዬ ደግሞ ጀመረች አልኩ።"

ያኔ ነገረችው። ከጠረጴዛው ጀምራ፣ ካልሲው መሃል መሸጎጧን፣ ማውጣቷን፣ በረንዳው ላይ ሆይት ያለውን፣ አንዱን ሳታስቀር። መርፌውንም ከቦርሳዋ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችው። ኮልቢ ጣቱን በጠቆረው እንጨት ላይ አስኬደ።

"ሌላ ሰው አይቷል? ሲሰጥሽ?"

"ማን ያያል? እኔና እሱ ነን።"

"ለማንም አልተናገረም?"

"አባትህን አታውቀውም? ላንተ ካልሆነ ለማን ይናገራል?"

ልጁ ዓይኗን አየ። የሚፈልገውን ነገር እዚያ አጣው። ሲያዝንላት አየች።

"ከቀብሩ በኋላ ከዕቃው መሃል ያገኘሽው ነው፤ አይደል እማዬ? ንገሪኝ ግዴለም። እኔን ደስ ለማሰኘት ነው።"

"አይደለም። እሱ ነው የሰጠኝ ኮልቢ። በእናትነቴ እምልልሃለሁ፣ እሱ ነው።"

"እሺ እማዬ" አላት። ቁጣ አልነበረበትም። መርፌውን ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ መለሰላትና መኪናውን አስነሳ።