ሁለት ሞተር ያላት ጀልባ መልካ ጀብዱ ላይ

በዚያ ጠዋት ድሬዳዋ ዳር መልካ ጀብዱ ባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ግቢ አምስት ሰዎች ነበርን። ጀልባዋን ከጅቡቲ ጭኖ ያመጣው ሹፌር፣ ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሶማሌ። ከአዲስ አበባ የመጣው የባለቤቱ ወኪል፣ በዚያ አቧራ ላይ ነጭ ጫማ ያደረገ። የግቢው ጥበቃ፣ ወሬውን በኦሮምኛ እየጀመረ በአማርኛ የሚጨርስ ሽማግሌ። ከዚራ ሰፈር ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ፣ እኔን ይዞኝ የሄደው እሱ ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ። የመኪና ኤሌክትሪክ ከተጣሉ ዲናሞዎችና ከስልክ ላይ ብቻዬን የተማርኩ፣ የለካሁትን ሁሉ ደብተር ላይ የምጽፍ።

ጀልባዋ ከኋላዋ ሁለት ሞተር አላት፤ ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ ባትሪ። የግራው ባትሪ አይሞላም። ወኪሉ ጉዳዩ ከድሬ ከመውጣቷ በፊት እንዲጣራ ፈለገ። ወደብ ላይ ተመሳሳይ ሌላ ጀልባ ቀርታ ነበር፤ እሷን ማን እንደሚጭን የሚወስነውም እሱ ነው።

«ይቺ ደህና ከደረሰች ያቺም የእኔ ናት» አለ ሹፌሩ ሻይ እየጠጣን። «ካልሆነ መኪናዬ ባዶዋን ትቆማለች። ዋርያ፣ ልጅ፣ አደራ።»

«አዴር፣ አታስብ» አልኩት። አዴር አጎቴ እንደማለት ነው። በድሬ ደንብ ግን ለአጎትም አንተ ነው የምንለው።

የጀልባ ሞተር እግሩ ውሃ ውስጥ ካልገባ ይግላል። ስለዚህ ሁለት የተቆረጡ በርሜሎች መኪናው ላይ፣ ከሞተሮቹ ሥር አቆምን። ጥበቃው ከሮቶው በጄሪካን እየቀዳ ሞላቸው።

«አቦ፣ እኛ በወረፋ እየጠጣን እናንተ መርከብ ታጠጣላችሁ!»

«መርከብ አይደለችም፣ ጀልባ ናት» አለው ወኪሉ።

«ድሬ ከገባች መርከብ ናት።»

ሞተሮቹ ተነሱ። የቀኙን ባትሪ ስለካ ቴስተሩ 14.2 ቮልት አሳየ፤ ይሞላል። የግራው 12.3፤ አይሞላም። ከግራው ሞተር ወደ ባትሪው የሚሄደውን ሽቦ በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ክዳኑ ሥር የፊውዙ መቀመጫ በባሕር ጨው አረንጓዴ ሆኗል። ሞተሩን አጥፍቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ መልሼ አስነሳሁ። 14.1 ሆነ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ወኪሉ በቁጥር የሚረካ ሰው አልነበረም። «እና አሁን በእርግጥ እየሞላ ነው?» አለ። ጎረቤቴ ሳቀበት። «ነቅለህ አሳየው እንጂ!» አለኝ። የእኛ ጋራዦች ፈተና ነው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ትነቅላለህ። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ትላለህ። በአሮጌ መኪናዎች ላይ ጎረቤቴ ይህን መቶ ጊዜ ሲያደርግ አይቻለሁ።

ይህ እንደማይደረግ ግን አውቅ ነበር። ሞተር እየሠራ ባትሪው ከተነቀለ ኃይሉ የሚገባበት ሲያጣ ኃይል አስተካካዩን ያቃጥለዋል። ደብተሬ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። «አይሆንም» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ይዞኝ የመጣውን ሰው በእንግዳ ፊት ማረም ከበደኝ። ከዚያም በላይ ፈሪ እንዳልባል ፈራሁ። የተጠየቀው ስለ ግራው ቢሆንም ለእጄ የቀረበው የቀኙ ስለነበር የቀኙን ነቀልኩ።

ሞተሩ አልጠፋም። ጥበቃው አጨበጨበ። ጎረቤቴ ወኪሉን «አየህ?» አለው።

ገመዱን መልሼ አስሬ ስለካ 12.5። እንደገና ለካሁ። 12.5። አስተካካዩ ተቃጥሏል፤ ጤነኛ የነበረውን ገድዬዋለሁ።

ወኪሉ ከትከሻዬ በላይ እያየ ነበር። «ቅድም አሥራ አራት አልነበረም እንዴ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «መንገድ ላይ ነው የተበላሸችው። እንደ ድንጋይ ጭነህ ስታንገጫግጫት መጣህ። ቀድሞውንም የላላ ነገር ነበረ፣ አሁን ለየለት።»

«ወላሂ በሕፃን አልጋ ነው ያመጣኋት» አለ ሹፌሩ። «ልጁን ጠይቀው። ባለሙያው እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ቴስተሩን ነበር የማየው።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ከነጥብ በስተቀኝ ያለችውን ቁጥር እንኳ ሳይጽፍ የማያልፍ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ያልኩት ይኼው ነው። ደብተሬም ላይ ከ14.1 በኋላ ምንም አልተጻፈም።

ሹፌሩ አልተከራከረም። «አቦ፣ ይሁን» አለና ጀልባዋ የታሰረችባቸውን ገመዶች ማጥበቅ ጀመረ። ስንሄድ የተረፈውን ሻይ ከፔርሙሱ ቀድቶ ሰጠኝ። ጠጣሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛዋ ጀልባ በሌላ ሰው መኪና ስታልፍ አየሁ። የሹፌሩ መኪና እዚያው ግቢ ቆሞ ነበር፤ ጎማዎቹ ሥር ፍየሎች ተኝተዋል። ሁለት ጊዜ ላነጋግረው ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ መኪናውም አልነበረም።

እዚያ ግቢ ከነበራችሁት መካከል ይህን የሚያነብ ካለ የረሳሁትን ይጨምርልኝ። ጎረቤቴ፣ «ነቅለህ አሳየው» ያልከው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት? እኔ አንድ ጊዜ ነው የማስታውሰው፤ ሁለት ቢሆን ትንሽ ይቀልለኝ ነበር። ጥበቃው፣ አንተ በርሜሎቹ አጠገብ ስለነበርክ ሁሉንም ታይ ነበር፤ ገመዱን ስነቅል ሹፌሩ የት ነበር? እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። መኪናው ሥር ከነበረ አላወቀም ማለት ነው። አጠገብህ ቆሞ ከነበረ ግን እጄን አይቷል፤ አይቶም ሻዩን ቀድቶልኛል። የቱ እንደሆነ ንገረኝ።